ጌኮና ኤሊ በአንድ የመስታወት ሳጥን ውስጥ፦ ያነሳሁት ጥያቄና የመጡልኝ 31 ምላሾች

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ የተመለሰ ጎረቤቴ ነብርማ ጌኮውን (የእንሽላሊት ዓይነት ናት) ከነመስታወት ሳጥኗ አስረከበኝ። ሳጥኑ 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 45 ሴንቲ ሜትር ወርድ አለው። ጌኮዋ ሴት ናት፤ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ጫፍ 21 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። ቀኑን ሙሉ ከአንድ የጀበና ስባሪ ሥር ተኝታ ትውልና የመግሪብ አዛን ሲሰማ አንገቷን ብቅ ታደርጋለች።

ባለፈው ወር የሰፈር ልጆች መዳፍ የምታክል የየብስ ኤሊ ይዘውልኝ መጡ። መኪና እንዳይጨፈልቃት ብለው ከመንገድ ዳር አንስተዋት ነው። ሌላ ማስቀመጫ ስላልነበረኝ ከጌኮዋ ጋር አስገባኋት፤ ዘጠኝ ቀንም አብረው ከረሙ። ያየሁት ሁሉ ሰላም ነበር። ኤሊዋ ቀን ቀን ጎመን ስትቆረጥም ትውላለች፣ ጌኮዋ ማታ ወጥታ ነፍሳት ታድናለች። አንዷ የሌላዋን ምግብ አትነካም፤ የአንዷ ቀን የሌላዋ ሌሊት ነው። ስለዚህ ለሚያውቁ ሰዎች እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ ጌኮ ከሌላ እንስሳ ጋር በአንድ ሳጥን መኖር አይችልም የሚባለው ነገር የተጋነነ ይመስለኛል፤ የምግብና የሰዓት ግጭት ከሌለ ምን ችግር አለው?

በአምስት ቀን ውስጥ፣ እኔ የጻፍኳቸውን ሁለቱን ጨምሮ፣ 31 ምላሽ መጣ። የሰው ስም ሳልጠራ በቁጥራቸው አንድ በአንድ እተርካቸዋለሁ። እኔ ያሰብኩትን የሚያስብ ሌላ ሰው እንዳለ እርግጠኛ ነኝ፤ እንስሳቱ ከመጎዳታቸው በፊት እንዲያነበው እፈልጋለሁ።

1ኛው እዚሁ ድሬዳዋ፣ የሳቢያን ሰፈር ነዋሪ ነበር። በጣም በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ መልስ ከመስጠቱ በፊት ሦስት ነገር ጠየቀኝ፦ የሳጥኑ ሞቃት ጫፍ ስንት ዲግሪ ነው፣ ቀዝቃዛው ጫፍስ፣ የውኃው ሳሕን አንድ ነው ወይስ ሁለት? የመጨረሻው ጥያቄ ለምን እንዳስፈለገው ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። 2ኛው ጸሐፊ አይቻልም ብሎ አለፈ፤ ምክንያት አልሰጠም።

3ኛው ከሐረር፣ ከጁገል ግንብ ውስጥ የጻፉ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጽሑፋቸው ረጅምና ደስ የሚል ነበር። የተወለዱበት ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከነደባው (ከመቀመጫ መደቡ) በላይ ከተሰቀሉት የስፌት ዕቃዎች ጀርባ፣ እንሽላሊቶች ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደሚኖሩ ተረኩ። ሸረሪት እዚያው አለ፣ ድመት አለች፣ ዶሮ ይገባል፣ አይጥም አይጠፋም። ሁሉም ዘመኑን አብሮ ኖረ፤ እንሽላሊቶቹም አላለቁም። ፍጥረት ከፍጥረት ጋር መኖርን ያውቅበታል፣ የሚበጠብጠው ሰው ነው የሚል ነበር ሐሳባቸው። ለእኔ ወገኑልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

4ኛዋ ለእርሳቸው መለሰች። የድሬዳዋ፣ የለገሃሬ ሰፈር ልጅ ናት። ክርክሯ አጭር ነበር፤ በኋላ የመጡት ምላሾች ግን በሙሉ እርሱ ላይ የቆሙ ሆነው አገኘኋቸው። ድመቷ ስትመጣ የግድግዳው እንሽላሊት በአንድ አፍታ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ከወራጁ ስንጥቅ ይገባል። ካልተመቸውም በመስኮት ወጥቶ ጎረቤት ቤት ይሄዳል። አብሮ የኖረው መሸሽ ስለሚችል ነው። የመስታወት ሳጥን ውስጥ ግን ደካማው ብርቱውን በየሌሊቱ በዚያው ውኃ፣ በዚያችው ሞቃት ድንጋይ ላይ ያገኘዋል። አክላም የሽማግሌው እንሽላሊትና የእኔ ጌኮ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ አስረዳች። የግድግዳው ዝርያ ጣቶቹ መስታወት ላይ ይጣበቃሉ። ነብርማ ጌኮ ግን የአፍጋኒስታን፣ የፓኪስታንና የሰሜን ምዕራብ ሕንድ ደረቅና ድንጋያማ ምድር ፍጥረት ናት። የሚጣበቅ ጣት የላትም፤ የዓይን ቆብ አላት፤ ግድግዳ አትወጣም። ያለችበት ወለል ዓለሟ ሁሉ ነው።

በ5ኛው ላይ እኔ ገብቼ የተጠየቅሁትን መለስኩ። ሞቃቱ ጫፍ 33 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው 27 ነው፤ የውኃው ሳሕን አንድ ነው። ሰኔ ላይ ደግሞ ድሬዳዋ እንደሚታወቀው ናት፤ አምፖሉን ባጠፋም ቀዝቃዛው ጫፍ ከ29 በታች አልወርድ ይለኛል።

6ኛው ምላሽ ሲመጣ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ጸሐፊዋ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የተማረች ናት፤ ስለ ውኃው ሳሕን የተጠየቅሁበትን ምክንያት ያስረዳችኝም እርሷ ናት። በተሳቢ እንስሳት አንጀት ውስጥ የሚኖር ኤንታሜባ ኢንቫደንስ የሚባል አሜባ አለ። ቅጠል በል ኤሊዎች ብዙ ጊዜ ይህን አሜባ ተሸክመው አይታመሙም፤ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ያድጋሉ። ያው አሜባ እንሽላሊት ወይም እባብ ሆድ ውስጥ ሲገባ ግን አንጀት ያቆስላል፣ ወደ ጉበት ይዘልቃል፣ ብዙ ጊዜም ይገድላል። መተላለፊያው ዓይነ ምድር ነው። ኤሊ ደግሞ ውኃ ውስጥ ገብታ መጸዳዳት ልማዷ ነው። ጌኮ ማታ ወጥታ ከዚያው ሳሕን ትልሳለች። መጣላት አላስፈለገም፣ መነካካትም አላስፈለገም። እኔ የምግብና የሰዓት ልዩነታቸውን አይቼ ሰላም ያልኩት ነገር ውስጥ አንድ የጋራ ሳሕን ነበር።

ያን ማታ ሳሕኑን አንስቼ በእጅ ባትሪ አየሁት። ከጎመን ቁራጭ ሥር አረንጓዴ ጭረት ያለበት ዝቃጭ ተኝቷል። ጌኮዋ በሳሕኑ ጠርዝ ላይ ቆማ ምላሷን ሁለት ጊዜ ውኃው ውስጥ ስትነክር ያየሁት በዚያው ሳምንት ነው። ኤሊዋን ያኔውኑ አወጣኋት።

7ኛው ሰው ተቆጣ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳትጠይቅ ምን ትሠራ ነበር፣ ቀድመህ አድርገህ ኋላ ፈቃድ ትጠይቃለህ ወይ ብሎ ወረደብኝ። ቃሉ ከበደኝ፤ ሐሰት ግን አልነበረበትም። 8ኛዋ መከረችው፦ የጠየቀን ሰው የሚሰድብ ሰው ቀጣዩን ጠያቂ ዝም ያሰኛል፤ የሚጎዳው ደግሞ እንስሳው ነው።

ከ9 እስከ 12 ያሉት ስለ ጌኮ አይደሉም። ከአዲስ አበባ የጻፈ ሰው የለገሃሬዋ ልጅ ሽማግሌውን አንተ ብላ መጻፏን አይቶ አዘነባት። አንድ የድሬ ልጅ በድሬዳዋና በሐረር አንተ ማለት የመቅረብ ምልክት እንጂ ንቀት እንዳልሆነ አስረዳው። ሽማግሌው ራሳቸው በ11ኛው ገብተው አንቱ ብትለኝ ኖሮ ምን አስቀየምኳት እል ነበር የሚል መልስ ሰጡ። 12ኛው ነገሩን ወደ ባቡሩ ወሰደው፤ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከሐዲዱ ጋር ስትቆረቆር ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ግሪኩና አርመኑ አንድ ሰፈር ገብተው አንቱታውን ለመደርደር ጊዜ አልነበራቸውም ይላል። ይህ እውነት ይሁን አይሁን ለታሪክ ሰዎች እተወዋለሁ፤ እኔ ግን በአንተታ አድጌ ማንንም ንቄ አላውቅም።

13ኛዋ ወደ ጉዳዩ መለሰችን። ሁለት ሴት ነብርማ ጌኮዎች ነበሯት። ሁልጊዜ አንዷ በሌላዋ ጀርባ ላይ ተኝታ ታያቸውና እህትማማቾች ናቸው እያለች ፎቶ ታነሳቸው ነበር። በስድስተኛው ወር የታችኛዋ ጅራት ቀጠነ። የዚህ እንስሳ ስብ የሚከማቸው ጅራቱ ላይ ስለሆነ የጅራት መቅጠን ሰው ጉንጩ እንደ መጉደል ነው። ለካ ከላይ የምትተኛዋ ሙቀቱን እየያዘችባት ነበር። ሙቀት ያላገኘ ተሳቢ የበላውን መፍጨት አይችልም። ለየቻቸው፤ በሁለት ወር ውስጥ የቀጠነችው አገገመች። እንዲህ ያለ ነገር በዓይን አይታይም፤ ስለዚህም ይህን ምላሽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

14ኛው አልተቀበላትም። የአጎቱ ቤት አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ለዓመታት አብረው እንደኖሩ ተናገረ። 15ኛው መለሰለት፦ ወንዱ ለመራባት በማያቋርጥ ግፊያ ሴቶቹን ያደክማቸዋል። አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ በአንድ ወቅት ውስጥ ግን ደጋግማ ትጥላለች፤ የእንቁላሉ ቅርፊት ካልሲየም የሚወጣው ከሰውነቷ ነው። አብሮ መኖራቸው ሳይሆን ምን ያህል ዕድሜ መኖራቸው ይጠየቅ፤ በደንብ የተያዘች ነብርማ ጌኮ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለችና። 14ኛው ለዚህ መልስ አልሰጠም።

16ኛው ስለ ሁለት ወንዶች ጻፈ። ቀላቅሎ የተዋቸው ግማሽ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ነበር። ሲመለስ አንዱ ጥግ ይዟል፣ ጅራቱ የለም። ጅራቱ አሸዋው ላይ ብቻውን ይገለባበጣል፣ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ደም ብዙም አልፈሰሰም፤ ጅራቱ የሚቆረጥበት ቦታ ቀድሞ የተዘጋጀ ስለሆነ የደም ሥሮቹ ወዲያው ይጨማደዳሉ። በሳምንታት ውስጥ አዲስ ጅራት በቀለ፤ አጭርና እንደ ነጭ ሽንኩርት ራስ ድቡልቡል ነበር። የመጀመሪያውን የሚመስል ጅራት ግን ዳግም አይበቅልም።

17ኛው ከሐረር ነው፤ እስስት ከጌኮ ጋር ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። 18ኛዋ የለም አለችው። እስስት ቀን የሚሠራ፣ ቅርንጫፍ ላይ የሚኖር፣ ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠብ ውኃ የሚጠጣ እንስሳ ነው፤ የራሱን ዘር እንኳ ሲያይ በንዴት ቀለሙ ይጠቁራል። እዚያው ላይ እንቁራሪትንም ጨመረች፦ የብዙዎቹ ቆዳ መርዝ ያመነጫል፤ ጌኮ አንዴ ከነከሰች በቂ ነው። በዚያ ላይ እንቁራሪት እርጥበት ይፈልጋል፣ ነብርማ ጌኮ ደረቅ ቦታ። ለሁለቱም የሚመች እርጥበት እፈልጋለሁ ያለ ሰው ሁለቱንም ያሳምማል።

19ኛው ወጣት ዘውድማ ጌኮ ከውጭ አስመጥቶ ከነብርማ ጌኮ ጋር ሊያኖራት ማሰቡን ገለጸ፤ ሁለቱም ጌኮዎች ናቸውና። ለዚህ እኔው በ20ኛው ላይ ያነበብኩትን ነገርኩት። ዘውድማ ጌኮ የኒው ካሌዶንያ ደሴት ዛፍ ላይ የምትኖር ናት። ጠፍታለች ተብሎ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1994 ዳግም ተገኘች። ከ28 ዲግሪ በላይ የሚቆይ ሙቀት ይጎዳታል። ነብርማዋ ከ30 በላይ የምትሞቅበት ድንጋይ ያስፈልጋታል። ከባሕር ወለል 1,885 ሜትር ላይ ባለችው ሐረር ምናልባት በጥላ ትችል ይሆናል። በ1,200 ሜትር ላይ ባለችው ድሬዳዋ ግን በግንቦት ለብቻዋም ቢሆን መከራ ነው። ወጣቱ አመሰገነኝ። እንዳያመጣት ተስፋ አደርጋለሁ።

21ኛዋ ማናችንም ያላሰብነውን አነሳች። እኛ አብሮ ስለሚኖር እንስሳ ስንከራከር፣ ለምግብ የምንጥለው ፌንጣ ራሱ አብሮ ነዋሪ መሆኑን ረስተነዋል። ማታ ስድስት ፌንጣ ጥላ ተኛች። ጠዋት አንዱ የጌኮው ዓይን ጥግ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሲወገድ ከሥሩ የጤፍ ፍሬ የምታክል ቀይ ቁስል ነበረች፤ ፌንጣው ቆዳውን ሲቆረጥም አድሯል። የተራበ ፌንጣ እንዲህ ያደርጋል። ከዚያ ወዲህ የምትሰጠው ጌኮው በአንድ ጊዜ የሚበላውን ያህል ብቻ ነው፤ የተረፈውንም ከመተኛቷ በፊት ታወጣለች። እኔም አራት ዓመት ሙሉ ፌንጣ ጥዬ ስተኛ ኖሬአለሁ፤ ያን ማታ ሳጥኑን በባትሪ ፈትሼ ሦስት አወጣሁ።

22ኛው ከዚህ ተነሥቶ ስለ አንበጣ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2020 መንጋው በእኛ አካባቢ ሲያልፍ ብዙ ሰው በነፃ የመጣ ምግብ ብሎ ለዶሮና ለሌላ እንስሳ ሰብስቧል። አንበጣው ግን የኬሚካል ርጭት ደርሶበት ሊሆን ስለሚችል ከሜዳ የተያዘ ነፍሳት ለጌኮ መስጠት አደጋ እንዳለው አሳሰበ። ጥሩ ማሳሰቢያ ነው።

23ኛው የሕግ ባለሙያ ሳይሆን አይቀርም፤ ድምፁም የተሳለ ነበር። ስለ ሙቀትና ስለ ሳሕን ስታወሩ ዋናውን ዘላችሁታል አለን። ኤሊዋ የዱር እንስሳ ናት። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ አለ፤ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ቤት ማኖር አይፈቀድም። ከሳጥን አውጥቶ ግቢ ውስጥ ማሳደር ጥያቄውን አይመልሰውም። 24ኛዋ እንዲህ ከሆነ ዛሬውኑ ወስዶ ሜዳ ላይ ይልቀቃት አለች። 6ኛዋ፣ የእንስሳት ሐኪሟ፣ በ25ኛው ተመልሳ አስቆመቻት። ከውጭ አገር እንስሳ ጋር ዘጠኝ ቀን አንድ ውኃ የጠጣች ኤሊ ሜዳ ላይ ብትለቀቅ ያልነበረ በሽታ ይዛ ልትሄድ ትችላለች። በሽታው ከኤሊ ወደ ጌኮ ብቻ አይሄድም፤ ከጌኮም ወደ ኤሊ ይሄዳል። መጀመሪያ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ማሳወቅ፣ እስከዚያው ለብቻ ማቆየት። እኔ ራሴን የኤሊዋ አዳኝ አድርጌ ነበር የማየው፤ ለኤሊዋም ስጋት ልሆን እንደምችል ያሰብኩት ይህን ሳነብ ነው።

26ኛው ጌኮ መርዛም ናት፣ ምግብ ላይ ከተፋች ታሳብዳለች የሚለውን የቆየ ወሬ ይዞ መጣ። ሐኪሟ ጌኮ መርዝ እንደሌላት በአጭሩ መለሰች፤ ሆድ የሚያሳምመው ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ግን ሊኖርባት እንደሚችል አልደበቀችም። ዕቃዋን ወጥ ቤት ማጠብ አይገባም፣ ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው፣ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃንም ባይነካት ይሻላል። ይህ 27ኛው ነው።

28ኛው ሰው ከሁሉም ጋር አይሆንም ካላችሁ የሚሆን አንድ እንኳ የለም ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። 29ኛዋ አለ አለች። በእርጥብ ድንጋይ ሥር የሚገኙት፣ አንዳንዶቹ ሲነኳቸው እንደ ኳስ የሚጠቀለሉት ግራጫ ፍጥረታት የእንስሳውን ቆሻሻና የሻገተ ነገር እየበሉ ሳጥኑን ያጸዳሉ። ነፍሳት ቢመስሉም ሰባት ጥንድ እግር ያላቸው የሸርጣን ዘመዶች ናቸው፤ የሚተነፍሱበት አካል እርጥበት ይፈልጋል። ድሬዳዋ ላይ በደረቅ ሳጥን ውስጥ በቀናት ያልቃሉ፤ አንድ ጥግ ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ጌኮዋ ብትበላቸውም አይጎዷትም።

በ30ኛው የጁገሉ ሽማግሌ ተመለሱ። ሐሳባቸውን ሙሉ በሙሉ አልለወጡም። የግድግዳው እንሽላሊት ከሁሉ ጋር እንደሚኖር አሁንም ይናገራሉ። ግን ከጽሑፉ በኋላ ማታ ማታ ተቀምጠው ሲያዩ አንድ ነገር አስተዋሉ። አምፖሉ አጠገብ ትልቁ እንሽላሊት ቦታ ሲይዝ ትንሹ ወደ ሌላኛው ክፍል ይሄዳል፤ ያን ክፍል ባያገኝ ኖሮ የት ይሄድ እንደነበር መናገር አልቻልኩም ብለዋል። ለለገሃሬዋ ልጅም ሐረር ስትመጪ ቡና አለሽ የሚል መልእክት ልከዋል።

31ኛው 1ኛው ሰው ራሱ ነው፤ ከምን ደረስክ ብሎ ጠየቀኝ።

ከዚህ ደርሻለሁ። ኤሊዋ በግቢው ጥግ በብሎኬት በታጠረ ቦታ፣ የራሷ ሳሕን ይዛ ለብቻዋ ናት፤ ለባለሥልጣኑም አሳውቄ መልስ እየጠበቅሁ ነው። የሳጥኑን አሸዋ በሙሉ አውጥቼ ጥዬዋለሁ፤ ድንጋዮቹንና የጀበናውን ስባሪ በፈላ ውኃ ቀቅያለሁ፤ ለጊዜው ያነጠፍኩት ወረቀት ነው፤ ዓይነ ምድሯ እንዲታየኝ። ቤት ውስጥ ያለ ሜትሮኒዳዞል (የአሜባ መድኃኒት) እንዳልሰጣት ሐኪሟ አጥብቃ ስለነገረችኝ አልሰጠኋትም። የመጀመሪያው የዓይነ ምድር ናሙና በማይክሮስኮፕ ታይቶ አሜባ አልተገኘበትም። አሜባው በየቀኑ ስለማይወጣ አንድ ምርመራ በቂ አይደለም፤ ሁለተኛው የፊታችን ማክሰኞ ነው። ትናንት ማታ አዛን ካለ በኋላ ወጣች። አራት ፌንጣ በላች፤ አምስተኛውን አይታ ተወችው፤ እኔም አወጣሁት።